የቆመ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ እንዴት እናስነሳ? ከሊብሬው እስከ ቀለሙ

ካራ አካባቢ፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ቮልስ (የድሮው ቮልስዋገን ቢትል) አለ። ስገዛው ዶሮ ያድርበት ነበር። ጎማዎቹ አፈር ውስጥ ሰምጠዋል፤ ወለሉ በስቶ ከኋላ ወንበሩ ሥር ሣር በቅሏል። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ያደርሳል። እዚህ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ብቻ እየሠራሁ።

መንገድ ላይ ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው። «ቀለሙን የት አስቀባኸው?» ይላል። ቀለሙ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ብዙ ሰው አሮጌ መኪና ገዝቶ መጀመሪያ ያስቀባል። ከዚያ ወለሉ ሲበየድ አዲሱ ቀለም ይቃጠላል፤ ገንዘቡ ያልቃል፤ መኪናው እንደገና ይቆማል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፦ ወረቀት፣ ወለል፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ሞተር፣ መብራት፣ ከዚያ ቀለም። ሰው ሊገድል የሚችለው ነገር ይቅደም፤ የሚያምረው ነገር ይከተል።

ለምን ቮልስ? ራዲያተር የለውም፣ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩን ከካንቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያስሩት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተሠራው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። አዲስ አበባ ደግሞ ቮልስ ያረጀባት ከተማ ናት። ስለዚህ ዕቃው ይገኛል። መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን ያዙና ቁጥሮቹን አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ የኋላ ወንበሩን ስታነሱ፣ በመኪናው መሃል የሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሁለቱንም በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። አንድ ቁጥር ከተዛነፈ ወደኋላ በሉ።

ሞተሩ ሞቶ ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር መግዛት ግድ ከሆነስ? የሞተሩን ቁጥር የያዘ የሽያጭ ውል ተቀበሉ። ውሉን ይዛችሁ ሞተሩን ከመግጠማችሁ በፊት መኪናው ወደተመዘገበበት ቢሮ ሂዱና ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። «ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዕቃው ወርቅ ቢሆንም ተዉት።

ቦታው

ከተማው ዳር ያለ ግቢ ስፋት አለው፤ ሲሚንቶ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ክሪክ አፈር ላይ ይሰምጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይባስ። ስለዚህ መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ብቻ እንኳ ሲሚንቶ አስደርጉ፤ ካልሆነ ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ። ብሎኬትም አትመኑ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የብረት ካቫሌቶ (መኪናውን ከሥር የሚሸከም መቆሚያ) በየሠፈሩ ብየዳ ቤት ይሠራል። አራት አሠሩ።

መፍቻውን በተመለከተ፣ 13 እና 17 ቁጥር ቺያቤ ከእጃችሁ አይጠፋም። ለኋላ ጎማው ትልቅ ዳዶ 36 ቁጥር ቡሽ (ዳዶው ላይ የሚሰካ መፍቻ) ያስፈልጋል፤ ከጎረቤት መካኒክ መዋስ ይቻላል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ ያዙ። አንድ ባልዲ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ ከአጠገባችሁ አይለይ።

የምትፈቱትን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ቡሎኖቹን በትናንሽ ፌስታል አድርጉና የወጡበትን ቦታ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ። «አልረሳውም» አትበሉ። ከስምንት ወር በኋላ ይረሳል።

ወለሉ

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ወለሉን ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ቀጥሎ በሮቹ ሥር ያሉት ቦይ መሰል ብረቶች ናቸው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በእነሱ ውስጥ ነው፤ መኪናው እንዳይታጠፍ የሚይዙትም እነሱ ናቸው። በካቻቢቴ ውጉት። ካቻቢቴው ከገባ ብረት የለም ማለት ነው፤ ያላችሁ ቀለምና ዝገት ነው።

ባትሪውን ፍቱ። የነዳጅ ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ እሱንም አውጥታችሁ ከግቢው ሌላ ጫፍ አስቀምጡ። ወንበርና ምንጣፍ ይውጣ። ወለሉ ላይ የተለጠፈው ሬንጅ መሰል ነገር በብየዳ ሙቀት ይቀጣጠላልና ፍቃችሁ አንሱት።

ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በሩ ከተነቀለ በኋላ በበሩ ክፍተት ውስጥ አግድም የብረት አንግል አስበይዱ። ይህን ካላደረጋችሁ ወለሉ ሲቆረጥ ገላው ይረግብና በሩ ዳግም አይገጥምም። በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ቁረጡ። ያኛው ሳያልቅ ይኼኛውን አትንኩ።

ለወለሉ ሁለት ምርጫ አለ። ከሞተ ቮልስ ጤነኛ ወለል ቆርጦ ማምጣት፣ ወይም ከ1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ማሠራት። እኔ ግራውን ከሞተ ቮልስ አመጣሁ፤ የቀኙን ላሜራ ሠሪ አጠፈልኝ። የተቆረጠው ይሻላል፤ የጥንካሬ መስመሮቹና የወንበሩ ሐዲድ አብረው ይመጣሉ። በያጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ለስስ ላሜራ የሲኦቱ (CO₂) ብየዳ ይመረጣል። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ እያለ ይምታ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ከሄደ ላሜራው ይጣመማል። ሲያልቅ አንቲረስት ቀቡት፣ ከሥር ደግሞ ሬንጅ።

ሶማሌ ተራ ስትሄዱ

ሶማሌ ተራ አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሠፈር ነው። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ገንዘብ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ነው።

በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ያረጀውን ዕቃ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። «የቮልስ ሞተሪኖ አለ?» ብሎ (ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያስነሳው ነው) መጠየቅና አሮጌውን አውጥቶ «ይኼን የመሰለ አለ?» ማለት ዋጋውም ውጤቱም ይለያያል። ትንሽ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪና ሜትር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የድሮዎቹ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ክብ ብረት) አምስት ቡሎን አለው፣ የኋለኞቹ አራት። አንዱ ለሌላው አይሆንም። የድሮዎቹ ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው፣ የኋለኞቹ 12። የባለ 6 ቮልቱ ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) 109 ጥርስ አለው፣ የባለ 12 ቮልቱ 130። ስለዚህ ሞተሪኖ ስትገዙ የቮላኖአችሁን ጥርስ ቆጥራችሁ ሂዱ። ፓራፋንጎም (የጎማው የላይ ሽፋን) እንደዚሁ ነው። መብራቱ ወደኋላ ያዘነበለው የድሮው ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመው የኋለኛው ነው።

ያገለገለ ቢሆን የማይጎዳው የቱ ነው? ፓራፋንጎ፣ በር፣ ኮፈን፣ መስታወት፣ ቸርኬ፣ ስፖኪዮ፣ ሞተሪኖ፣ ካንቢዮ፣ የሞተር ሽፋን ላሜራዎች። ፓራፋንጎ ላይ ማግኔቱን አስጠጉ። የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። በሩን ገልብጣችሁ የታችኛውን ጠርዝ እዩ፤ የሚበሰብሰው ከዚያ ነው። ካንቢዮ ከሆነ መግቢያ ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩ፣ እያንዳንዱን ማርሽ አስገቡ፣ ከዚያ ዘይቱን በጣታችሁ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። የብረት ብናኝ ካብረቀረቀ ይቅርባችሁ። ሞተሪኖ ባትሪ ላይ ተሞክሮ ሲሽከረከር ሳታዩ ብር አታውጡ።

ያገለገለ ፈጽሞ የማይገዛውስ? የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የፍሬን ሲሊንደር ጎማዎች፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የመሪ ጫፍ መገጣጠሚያዎች፣ ጎማ። የመኪና ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው ሊያረጅ ይችላል።

አሁን ስለ ሞተር። የመጀመሪያውን ሞተር ስገዛ ብር በሚመስል ቀለም ተቀብቶ ያበራ ነበር። ሻጩ አስነስቶ አሰማኝ፣ ድምፁ ደስ ይላል። ገዛሁ። ቤት አምጥቼ አንድ ሠፈራችን ያሉ አንጋፋ መካኒክ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። መጡ። ቁጢጥ አሉና ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ (ቺንጊያው፣ ማለትም ቀበቶው፣ የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጃቸው ያዙ። አላዞሩትም። ወደ ራሳቸው ሳቡት፣ መልሰው ገፉት።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«እጅህን አምጣ።»

እጄን ፑሌጃው ላይ አድርገው ከላይ በእጃቸው ያዙኝ። ሳብን፣ ገፋን። ያኔ ተሰማኝ። ቀጭን «ቀጭ» የሚል ነገር፣ ከጆሮ ይልቅ በመዳፍ የሚሰማ። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ነበር። የሚፈቀደው እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ ማለት በእጅ ሊሰማ አይገባም ማለት ነው። በግልጽ ከተሰማ ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት) የተቀመጠበት ቤት ራሱ በልቶ ሊሆን ይችላል። የእኔ እንደዚያ ነበር። የሞተሩ ግማሽ ገላ ተፈትቶ፣ በቶርኖ ተስተካክሎ፣ ብሮንዚን ተቀይሮ ነው የሚድነው። ለሞተሩ የከፈልኩትን ያህል እንደገና ከፈልኩ።

ስለዚህ ሞተር ስትገዙ ድምፁን ከመስማታችሁ በፊት ፑሌጃውን ያዙ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሞተሩ ሽፋን ላሜራዎች ጎድለውብኝ ወራት ፈለግሁ። በመጨረሻ ከሠፈር ቁራሌው ጆንያ ውስጥ ሁለቱን አገኘሁ። ቁራሌዎችን አሳዩአቸው፣ ፎቶውን ላኩላቸው። ምን እንደምትፈልጉ ካወቁ ያስታውሷችኋል።

ፍሬን

የኋላ ጎማውን 36 ቁጥር ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ፣ ማርሽ ውስጥ ገብቶና የእጅ ፍሬን ተይዞ አላሉት። ረጅም ቧንቧ ቺያቤው ላይ ሰክታችሁ ነው የሚፈታው። ከፊት በግራ በኩል ያለው የጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ሰው በጉልበት እያጠበቀ ይሰብረዋል። በዚያው ጎማ ክዳን መሃል የፍጥነት መቁጠሪያው ገመድ ይወጣል፤ መጀመሪያ ትንሿን መቆለፊያ ንቀሉ።

ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ሲከፈት አቧራ ይኖራል። በአፍ አትንፉት፣ በኮምፕሬሰርም አትንፉት። በድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በውኃ አርሳችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት።

ሸራ፣ በየጎማው ያለችው የፍሬን ሲሊንደር፣ አራቱ የጎማ ቱቦዎች፣ ሁሉም ይቀየሩ። ቱቦው ከውጭ ደህና ቢመስልም ከውስጥ ያብጣል። ያኔ ፍሬን ይይዛል፣ ግን አይለቅም።

አየር ስታስወጡ ከሩቁ ጎማ ጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ አንዱ ከሥር ቡሎኗን ይክፈትና ይዝጋ። እኔ ባለቤቴን አስቀምጬ ነው የሠራሁት። «ርገጪ… ያዢው… ልቀቂ» እየተባባልን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ ዘይት ጨምሩ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና የነካውን ወዲያው በውኃ እጠቡ።

ነዳጅ

የቮልስ ትልቁ ጠላት እሳት ነው፤ የእሳቱ መነሻም ብዙ ጊዜ አንድ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ናት። ቱቦው ሞተሩ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚን ከኤሌክትሪኩ አጠገብ ይንጠባጠባል። ሁሉንም የነዳጅ ቱቦ በአዲስ ቀይሩ፣ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) እሰሩ። ማጣሪያውን ሞተሩ ክፍል ውስጥ አታንጠልጥሉት፤ ከካንቢዮው ጎን፣ ከሥር አስቀምጡት። ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ላይ ቤንዚን የሚገባባትን የነሐስ ቱቦ በእጃችሁ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰች ቤቷን ሳትለቅ በፊት አሠሯት።

ታንኩ ለዓመታት ከቆመ ውስጡ ዝገት ነው። አንድ እፍኝ ዳዶና ትንሽ ነጭ ጋዝ ጨምራችሁ ናጡት፣ ድፉ፣ ድገሙ። ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ።

ሞተሩ

ሞተሩ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ለብቻ አይሞከርም። የዲናሞውንና የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ሽቦ፣ የነዳጅ መስጫውን ገመድ፣ የነዳጅ ቱቦውን (በእርሳስ ወትፉት)፣ የሙቀት ገመዶቹን ፍቱ። ከዚያ አራቱን ቡሎኖች፣ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት። ክሪኩ ከሥር ይዞት እያለ ቀጥ አድርጋችሁ ወደኋላ ሳቡት። የካንቢዮው ዘንግ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ፍሪሲዮኑ ይጣመማል።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው። በአብዛኞቹ ቮልሶች ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንደኛው ሲሊንደር ጀምሩ። ከዚያ ፑሌጃውን ከሰዓት በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙሩና ሁለተኛውን፣ ደግሞ ግማሽ ዙር ሦስተኛውን፣ ደግሞ አራተኛውን። የካንዴላዎቹ ተራ ግን 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ዲስትሪቢዩተሩ (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለችው መክፈቻና መዝጊያ 0.4 ሚሊ ሜትር ትከፈት። ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው። ማጣሪያ የለውም፣ ከሥር ወንፊት ብቻ አለው። ስለዚህ ዘይት በየጊዜው መቀየር ግዴታ ነው። የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አትድፉ፤ ከተማው ዳር ጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት አለ። በጀሪካን ሰብስባችሁ ለሚረከብ ጋራዥ ስጡ።

ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሲሊንደር ግፊት ስትለኩ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ያንሳል። አትደንግጡ፤ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን እዩ። ሁለተኛ፣ ለባሕር ወለል የተዘጋጀ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፍቱና እዩ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ በዝቷል፤ ዋናዋን የነዳጅ ቀዳዳ በጠበበች ቀይሩ። ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው።

ቀጭን አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና የጠርዙ ጎማ ሙሉ በሙሉ ይገጠሙ። ብዙ ሰው «ምን ያደርጋል» ብሎ ይጥላቸዋል። እነሱ ከሌሉ ማራገቢያው ከሞተሩ ሥር የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ አንድ ነው። እየነዳችሁ የዲናሞው መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ፤ ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

መብራትና ቀለም

መብራቱ ላይ ብዙ አልልም። ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ካንቢዮውን ከገላው የሚያገናኘውን የማሳ ገመድ ፍቱ፣ ጫፎቹን አጽዱ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የተላጠ ሽቦ በፕላስተር አትጠቅልሉ፤ ቀይሩ።

ቀለሙን ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያዙት። ዝናቡ አባርቷል፣ የበጋው አቧራ ገና አልበዛም። ዝገቱን እስከ ብረቱ ፍቁ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ስቱኮ በስሱ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ። ቀለም በሚረጭበት ጠዋት የግቢውን መሬት ውኃ አርከፍክፉበት። የሚረጨው ሰው በደንብ የሚገጥም ጭምብል ያድርግ፤ ሻሽ አይበቃም።

የመጀመሪያው ጉዞ

መጀመሪያ እዚያው ሠፈር ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ በቀስታ ንዱና ፍሬን ያዙ። ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ተመለሱ። አሥር ደቂቃ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጉ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም። እኔ ቁልቁለቱን ወደ ኮተቤ የወረድኩት ከሦስት ሳምንት የሠፈር ዙር በኋላ ነው፣ እሑድ በማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማውን ቡሎኖች ሁሉ እንደገና አጥብቁ።

500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱን ቀይሩ፣ ቫልቩን ድገሙ፣ ወንፊቱን አውጥታችሁ ጸሐይ ላይ ዘርጉት። ማግኔት አስጠጉበት። የብረት ቅንጣት ከተያዘ ሞተሩን አታስነሱ፣ መካኒክ ጥሩ። የእኛ ወንፊት ላይ የተገኘው የጓርኒሲዮን (የሞተር ማሸጊያ) ማጣበቂያ ቁራጭ ብቻ ነበር። ጋሼም መጥተው አዩት፣ በጣታቸው አሻሹት፣ «ንጹሕ ነው» አሉ። ወንፊቱን በነጭ ጋዝ አጥቤ መለስኩት፣ 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ሰኞ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ወጣሁ።